ስለሚያጨበጭበው ደንበኛ

ልጆቼ፣ ጎንደር ፒያሳ ላይ ትሪ ይዤ ወዲያ ወዲህ ስል ጸጉሬ ሸበተ። ዛሬ እግሬ እምቢ ብሎኝ ካሸር ሆኜ ተቀምጫለሁ። ከተቀመጥኩበት ሆኜ ስትሠሩ አያችኋለሁ። ስለ አቀራረብና ስለ ንጽሕና የሚመክራችሁ አታጡም። እኔ የማወራችሁ ስለ አስቸጋሪ ደንበኛ ነው።

ጥር 12፣ የቃና ዘገሊላ ምሽት ነበር። ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ባዶ ወንበር ጠፍቷል። አንዱ ጥብሱን ሁለቴ መለሰው። መጀመሪያ ቀዝቅዟል፣ ቀጥሎ አርሯል። በሦስተኛው ፊቴ ላይ አጨበጨበና «አንተ! ደንቆሮ ነህ እንዴ?» አለኝ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል። «ይቅርታ ጌታዬ» ብዬ ፈገግ አልኩ። ጉንጬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሌሊት በባጃጅ አዘዞ ስደርስ ሹፌሩ መልስ ሲሰጠኝ 5 ብር አጎደለ። ፊቱ ላይ አጨበጨብኩበት። «አንተ! መቁጠር አትችልም?» ልጁ ብሩን ሰጠኝና ፈገግ ለማለት ሞከረ። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ። ሲመሽ የራሴ ፊት ላይ የነበረችው ናት።

አርሊ ሆክሺልድ የምትባል አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ምሁር የአውሮፕላን አስተናጋጆችን አጥንታ ነበር። ለደመወዝ ሲባል ስሜትን መግራት ራሱ ሥራ ነው፣ ሰውንም ይጎዳል ብላ በ1983 እ.ኤ.አ. ጻፈች። እኔ ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። የሌሊት እንቅልፌ ግን ቀድሞ ነግሮኛል።

ስለዚህ ስትሰደቡ ወደ ጓዳ ግቡ። ውኃ ጠጡ። እዚያ ላለ ሰው፣ ሽንኩርት ለምትከትፈውም ቢሆን፣ የሆነውን ንገሩ። እኛ አገር «ቻለው» ማለት ይቀናናል። እኔም ለብዙ ልጆች ብያለሁ፤ ተሳስቻለሁ። ካቃታችሁ «ያን ጠረጴዛ ያዝልኝ» በሉ። ነገ እናንተ ትይዙለታላችሁ።

የሚቆጣ ሁሉ ግን ክፉ አይደለም። ዓርብ ቀን ለጾመኛ ቅቤ የነካው ሽሮ ካቀረባችሁለት ቢጮህም እውነት አለው። ከልብ ይቅርታ ጠይቁና ቀይሩለት። እንዲህ ያለው ቁጣ ቤት ድረስ አይከተልም።

እጁን የሚሰድ ወንድ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሴት ልጆቼ፣ ለሱ ፈገግታ የለም። ወዲያው ለኃላፊው ተናገሩ። ኃላፊው «ደንበኛ ነው» ካላችሁ ለእኔ ንገሩኝ።

ሒሳብ ሳይከፍል የጠፋ ሲኖርም ዕዳው አስተናጋጁ ላይ ይወድቃል። እኔም ከፍያለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ግን አሠሪ እንዳሻው ደመወዝ መቁረጥ አይችልም። መቁረጥ ሲፈቀድም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም። በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ዕረፍትም አላችሁ። ዕረፍቱን ለሌላ ሺፍት አትሽጡት፤ እኔ ስሸጠው ኖሬ ነው እንዲህ የሆንኩት።

የባጃጁን ልጅ በማግስቱ ይቅርታ ልለው መንገድ ዳር ቆሜ ጠበቅኩ። አንድ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ባጃጁ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ፊቱንም ለካ በደንብ አላየሁትም ነበር።