ለየችው? ወይስ «እሱ ነው» አለች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሥነ ልቦና ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በአማርኛ እየጻፍኩ ነው፤ ርዕሱ ማንነት ሲሆን አንዱ ምዕራፍ ስለ ወንጀል ምስክሮች ነው። «ልጁ ራሱን ከአባቱ ጋር ይለያል» ብዬ ብጽፍ አማካሪዬ በቀይ አሰመሩበት። «ምስክሯ ተከሳሹን ለይታዋለች» የሚለውን ግን ዝም ብለው አለፉት። በእንግሊዝኛ ሁለቱም identify ነው፤ ቃሉ ያው አንድ አይደለም እንዴ? ደግሞስ ተለየ፣ ታወቀ፣ ተረጋገጠ ልዩነታቸው ምንድን ነው? በዚያውም ሰብእና ነው ስብዕና የሚጻፈው?

መልስ፦ እህቴ፣ አማካሪሽ የመጀመሪያውን ማስመራቸው ልክ ነው። እኔ ብሆን ግን ሁለተኛውንም አልምረውም ነበር።

ከመጀመሪያው እንነሳ። «ለየ» ሥራው መነጠል ነው፤ ስንዴውን ከእንክርዳዱ እንደማለት። «ራሱን ከአባቱ ለየ» ያልሽ እንደሆነ ሰው የሚረዳው ልጁ ከአባቱ እንደተቆራረጠ፣ ምናልባትም ቤት ለቆ እንደወጣ ነው። መሀል ላይ «ጋር» መክተትሽም አላዳነውም። አንቺ ልትዪ የፈለግሽው ደግሞ ፍጹም ተቃራኒውን ነው፦ ልጁ የአባቱን አነጋገር፣ አረማመድ፣ ቁጣ ሳይቀር ወስዶ የራሱ አደረገ። የሥነ ልቦና ተንታኟ አና ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1936 የጻፈችውን ነገር አስቢው። የተጠቃ ልጅ አንዳንዴ ፍርሃቱን የሚያሸንፈው የአጥቂውን ጠባይ በመውረስ ነው ትላለች። ይህን «ልጁ ራሱን ከአጥቂው ለየ» ብለሽ ብትጽፊው ልጁ አመለጠ ማለትሽ ነው። እሰየው ያሰኛል እንጂ የሥነ ልቦና ትምህርት አይሆንም።

ታዲያ ምን ይባል? «ራሱን ከአባቱ ጋር ያመሳስላል» የሚሉ አሉ፤ አይከፋም። እኔ ግን «ራሱን ከአባቱ ጋር አንድ ያደርጋል» የሚለው ይሻለኛል፣ ማመሳሰል ከውጭ ያለ መልክ ብቻ ይመስላልና። ስለ ፊልም ወይም ስለ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ከሆነ ደግሞ ሰው በአፉ የሚለውን ጻፊ፦ «ራሴን በእሷ ቦታ አየሁት»። ያልቃል።

«አመሳሰለ»ን ከመረጥሽ ግን ተሳስተሽ «አስመሰለ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ግሥ ነው፣ ከ«መሰለ»፤ ነገር ግን አንዱ ሥነ ልቦና ክፍል ይቀመጣል፣ ሌላው ችሎት ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1556 ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ አርቲጋ ወደምትባል መንደር አንድ ሰው መጥቶ ከስምንት ዓመት በፊት የጠፋው ማርቲን ጌር እኔ ነኝ አለ። የማርቲን ሚስት ተቀበለችው፣ ከዘመዶቹም ብዙዎቹ ተቀበሉት፣ ዓመታት አብረው ኖሩ። የሰውየው እውነተኛ ስም ግን አርኖ ዱ ቲል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1560 ጉዳዩ ቱሉዝ ፍርድ ቤት ሲታይ እውነተኛው ማርቲን በእንጨት እግር እያነከሰ ከች አለ፤ አስመሳዩም ተሰቀለ። አርኖ ራሱን ማርቲን አስመሰለ። ራሱን ከማርቲን ጋር አንድ አድርጎ አይቶ ይሆን? ያ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ለአንቺ ሙያ የቀረበም እሱ ነው። ሁለቱን በአንድ ግሥ ካልሽ ግን ጥያቄው ራሱ ይጠፋል።

አሁን አማካሪሽ ወዳለፉት ዓረፍተ ነገር ልምጣ። እኔን የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። «ምስክሯ ተከሳሹን ለይታዋለች።» ሰዋስዉ ምንም አልጎደለውም። እስቲ ግን ጮክ ብለሽ ቀጥይበት፦ «ለየችው፣ ግን እሱ አልነበረም።» ጆሮ ላይ አይሻክርም? «እሱ ነው አለች፣ ግን እሱ አልነበረም» ስትዪ ግን ምንም አይሻክርም። ምክንያቱ ቀላል ነው። «ለየ» ልክ እንደ «አወቀ» እውነቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ለየች ካልን በትክክል ለይታለች ብለናል። ስትሳሳት የምንለው ሌላ ነው፦ «ሌላ ሰው መስሏት» እንላለን። ስለዚህ «ምስክሯ ተከሳሹን ለይታዋለች» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሳያስበው ፈርዷል። ዳኛው ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ጥፋተኛ አሰኝቶታል።

ይሄ ቃላት መሰንጠቅ ከመሰለሽ የአዶልፍ ቤክን ጉዳይ ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ1895 መጨረሻ ለንደን ውስጥ መንገድ ላይ አንዲት ሴት ያዘችው፤ ሰዓቶቼንና ቀለበቶቼን አታልሎ የወሰደው ይሄ ነው አለች። ፖሊስ ጋ ሄዶ ሴትየዋ እየተከተለችኝ ነው ብሎ ያመለከተው ቤክ ራሱ ነበር። ከዚያ በዚያው መንገድ የተታለሉ ሌሎች ሴቶች መጡ፤ እነሱም በየተራ እሱ ነው፣ እሱ ነው አሉ። በ1896 የሰባት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ወንጀሉ ቀደም ሲል ጆን ስሚዝ በሚል ስም የታሰረ ሰው እጅ ሥራ ይመስል ስለነበር ቤክን ያንን ሰው አደረጉት። በ1898 የስሚዝ የእስር መዝገብ ሲታይ ሰውየው የተገረዘ ሆኖ ተገኘ። ቤክ ግን አልተገረዘም ነበር። ይሄ ሁሉ ታውቆም አልተፈታም። በ1901 ወጣ፣ በ1904 በሌሎች ሴቶች ቃል ድጋሚ ጥፋተኛ ተባለ። ቅጣቱን ሲጠባበቅ እውነተኛው ሰው በዚያው ማታለል እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ቤክ ምሕረት ተደረገለት፤ የእሱ ጉዳይም እንግሊዝ በ1907 የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንድታቋቁም ከገፋፉት አንዱ ሆነ።

ታዲያ እነዚያ ሴቶች ቤክን «ለዩት»? አልለዩትም። እሱ ነው አሉ እንጂ። አብዛኞቹም የዋሹ አይመስለኝም፤ መስሏቸው ነው። ምዕራፍሽ ስለ ምስክር ስህተት ከሆነ ያለ ይህ ልዩነት አንድ ገጽ አትሄጂም፤ ምክንያቱም «በስህተት የለየ ምስክር» የሚለው ሐረግ ራሱ ርስ በርሱ ይጋጫል። ምስክር ፊት የሚመሳሰሉ ሰዎች ተሰልፈው ከሆነ «ከተሰለፉት መካከል ተከሳሹን መርጣለች» በዪ። ምርጫ ልክም ስህተትም ይሆናል። «አመልክታለች» ብትዪም ያስኬዳል።

ወደ ሦስቱ ግሦች። ስልክሽን በአውራ ጣትሽ ስትከፍቺ ማሽኑ የሚጠይቀው «ባለቤቷ ነሽ?» ብሎ ነው። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። ይሄ ማረጋገጥ ነው። የመስኮት መስታወት ላይ የተገኘ አሻራ ደግሞ መዝገብ ውስጥ ካሉት ከብዙዎቹ ጋር ሲተያይ ጥያቄው «የማን ነው?» ይሆናል፤ እሱ መለየት ነው። በመጀመሪያው አንድ ስም አስቀድሞ አለ፣ በሁለተኛው የለም። «ታወቀ» የሚባለው መጨረሻ ላይ ነው፣ ስሙ ሲገኝ። ዜና ላይ ሦስቱ እንደ ልብ ሲቀያየሩ አያለሁ፤ ለዜና ግድ የለም፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን ያስጠይቃል።

በነገራችን ላይ የ«ለየ» ልጆች ተንኮለኞች ናቸው። «የተለየ ሌባ» ስልቱ እንደ ሌላው ያልሆነ ሌባ ነው። «የለየለት ሌባ» ማፈሩን ትቶ በይፋ የሚሰርቅ ነው። «የተለየው ሌባ» ማን እንደሆነ የተደረሰበት ነው። «ሟቹ ተለይቷል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሰውየው ከዚህ ዓለም ስለመለየቱ ይሁን አስከሬኑ የማን እንደሆነ ስለመታወቁ እሱ ይንገረን።

ማንነት ራሱም ሁለት ጥያቄ ተሸክሟል። አንዱ «የትኛው ሰው ነው?» ሲሆን ሌላው «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ነው። «ቆይ፣ ማንነቴን አሳይሃለሁ!» ብሎ የሚዝት ሰው መታወቂያ ሊያወጣ አይደለም። «ማንነቱን አወቅኩት» ስንልም ጉዱን ደረስኩበት ማለታችን ነው። ፖሊስ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው፤ ስም፣ አሻራ፣ ዘረመል። አንቺ የምትጽፊው ስለ ሁለተኛው ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን የማንነት ቀውስ ያለው ነገር ወረቀት ጠፍቶበት የሚንከራተት ሰው ችግር አይደለም፤ ስሙን አሳምሮ እያወቀ ምን ልሁን የሚል ወጣት ጭንቀት ነው። ኤሪክሰን ራሱ ወላጅ አባቱን ሳያውቅ ያደገ፣ በእንጀራ አባቱ ስም ሲጠራ ኖሮ በጉልምስናው አዲስ የቤተሰብ ስም ለራሱ ያወጣ ሰው ነበር። ሁለቱም ጥያቄ ቤቱ ነበሩ ማለት ነው።

ስለዚህ «የተጠርጣሪው ማንነት ታወቀ» የሚል አርእስት ሳይ አንባቢው የትኛውን እንደሚሰማ አውቃለሁ። ጉዱ ወጣ ብሎ ነው የሚሰማው። «ተጠርጣሪው ማን እንደሆነ ታወቀ» ቢባል ጣጣ የለውም። ሕግ ውስጥ ማንነት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1989 የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 8 ልጅ ማንነቱ ይጠበቅለት ሲል ዜግነቱን፣ ስሙንና የቤተሰብ ግንኙነቱን ነው የሚጠቅሰው። «የሕግ ሰውነት» የሚለውን ካገኘሽ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ በሕግ ፊት መብትና ግዴታ መሸከም መቻል ማለት ነው፣ ድርጅትም አለው፤ ከማንነት ጋር አትቀላቅዪው።

ሰብእና ወይስ ስብዕና? ግእዙ ሰብእ ነው፣ ሰው ማለት፤ በአልፉ እ። «ትስብእት» ብለሽ ስትጽፊ ዐይኑን ዕ አትጠቀሚም፣ እዚህም አያስፈልግም። ሰብእናም ስብእናም ይጻፋል፣ አንዱን ያዢ። ዐይኑ በጋዜጣም በመጽሐፍም ስለተለመደ አማካሪሽ በዚህ ላይቆጡሽ ይችላሉ። ግን ጠባይን ለማለት እንጂ በማንነት ቦታ አትተኪው።