«ስምህ ማን ነው?»

ውድ ልጆቼ፣

31 ዓመት በነርስነት ሠርቼ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው። ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች ይጠቅማል ብዬ ነው።

«ቴድ ላሶ» ይባላል። ያሳየችኝ የመጨረሻ ልጄ ናት። ቴድ ከአሜሪካ ካንሳስ የመጣ የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝ ነው፤ ይህ ከእኛ እግር ኳስ የተለየ ጨዋታ ነው። ኦፍሳይድ እንኳ አይገባውም። እንዲህም ሆኖ ለንደን ያለ ሪችመንድ የሚባል የእግር ኳስ ክለብ ይቀጥረዋል። የክለቡ ባለቤት ርብቃ የመረጠችው ቡድኑን እንዲያበላሽላት ነው። የበደላት የቀድሞ ባሏ ያንን ክለብ ከምንም በላይ ይወደዋልና ልታቃጥለው ነው። ድራማው የጀመረው በፈረንጆቹ ነሐሴ 2020፣ ኮሮና ሰውን ቤቱ በዘጋበት ጊዜ ነው። በ2021 እና በ2022 ምርጥ ኮሜዲ ተብሎ የኤሚ ሽልማት ወሰደ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ደግ ሰው ማየት ናፍቆት ነበር ብዬ አምናለሁ።

«ደግ ሰው ይበላል» ስትሉ እሰማለሁ። አልፈርድባችሁም። ግን ቴድን ልብ ብላችሁ እዩት። ጠዋት ጠዋት ለርብቃ በሮዝ ሳጥን ብስኩት ይዞላት ይገባል። በጣም ስለጣማት ከየት እንደሚገዛው ታፈላልጋለች። ለካ ቤቱ ራሱ ነው የሚጋግረው! ቀኑን ሙሉ ሜዳ ውሎ፣ ማታ ዱቄት ይለካል። የእሱ ደግነት ድካም አለው። በኋላ ርብቃ ተንኮሏን ስትናዘዝለት ይቅር ይላታል፤ ያውም እሱ ራሱ ትዳሩ በፈረሰበት ሰሞን። ክለቡ ግን በዚያው ዓመት ከሊጉ ይወርዳል። ደራሲዎቹ ለደግነቱ ዋንጫ አልሰጡትም። ይህን ወድጄላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሆድ እያረረ ጥርስ ይስቃል። ኤቨርተንን ባሸነፉበት ሌሊት ሁሉም ሲዘፍን፣ ቴድ ትንፋሽ አጥሮት ከካራኦኬ ቤቱ ሮጦ ይወጣል። ልቡ ሊፈነዳ ይደርሳል። ያንን ሁሉ ሰው ሲያጽናና የራሱን ሐዘን ለማንም አልተነፈሰም ነበር። ሐኪም ፊት ሲቀመጥ እንኳ መጀመሪያ ጥሎ ይወጣል። አውቀዋለሁ ያንን። እናቴ በሞተች ሰሞን በሽተኞቼ ፊት ስስቅ ከርሜ፣ አንድ ሌሊት መድኃኒት ክፍል ውስጥ ጉልበቴ ከዳኝ። ልጆቼ፣ እንዲህ ከመሆኑ በፊት ለምታምኑት ሰው ተናገሩ።

ከሁሉም የማልረሳው ግን መጀመሪያው ክፍል ላይ ያለች ትንሽ ነገር ናት። ቴድ የተጫዋቾቹን ትጥቅ የሚይዘውን ልጅ «ስምህ ማን ነው?» ይለዋል። ልጁ ይደነግጣል። እዚያ ቤት ስሙን የሚጠይቀው ሰው የለም። ኔት ይባላል።

እዚህ ላይ አለቀስኩ። የዋርድ ኃላፊ ሳለሁ ሌሊት ሌሊት ወለሉን የምታጸዳ ሴትዮ ነበረች። አራት ዓመት ሙሉ «እናት ዓለም፣ እዚህ ጋ ደም ፈሷል» እያልኩ ኖርኩ። ደግ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ስሟን ያወቅሁት ታማ እኛው ክፍል ስትተኛ ካርዷ ላይ አንብቤ ነው። አልጋዋ አጠገብ ቆሜ በስሟ ጠራኋት። ዞር አላለችም። እኔ ልሆን እንደምችል አልጠረጠረችም። ደግሜ ጠራኋት።