ቪዲዮው ካስተማረ አንቺ ለምን ደሞዝ ትበያለሽ?

እህቴ ደብዳቤሽን አነበብኩት። ባሕር ዳር አባይ ማዶ የመንግሥት ትምህርት ቤት 11ኛ ክፍል ፊዚክስ ታስተምሪያለሽ፣ ማብራሪያውን በአጭር ቪዲዮ ቀርፀሽ በቴሌግራም ልትለቂላቸውና ክፍለ ጊዜውን ጥያቄ መሥሪያ ልታደርጊው አስበሻል፣ ባልደረቦችሽ ግን «ቪዲዮው ካስተማረ አንቺ ለምን ደሞዝ ትበያለሽ» ሲሉሽ ፈራሽ። አባትሽ ደሞ ባንክ ተቀጠሪ ይሉሻል።

ይሄን ወሬ እኔ መምህር ሆኜ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በፕላዝማ (በቴሌቪዥን ትምህርት) ጊዜ ጠግቤዋለሁ። ትምህርቱ በሳተላይት ለመላው አገር ባንዴ ይለቀቃል፣ በእንግሊዝኛ፣ ቁም አይባል ወደኋላ ተመለስ አይባል፣ መምህሩ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያስተዋውቃል መጨረሻ ላይ ትንሽ ያጠቃልላል በቃ። ልጆቹ ግራ ሲገባቸው እያየን ዝም ብለን እንቆም ነበር'ኮ! ከተማሪ ጋር ምንገናኝበትን ሰዓት ነው ፕላዝማው የበላብን። ያንቺ ሐሳብ ያን ሰዓት ያስመልስልሻል። አሜሪካ ኮሎራዶ ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ የሚባሉ የኬሚስትሪ መምህራን በፈረንጆች 2007 መቅረፅ የጀመሩት ከክፍል ለሚቀሩ ልጆች ብለው ነበር፣ በኋላ ግን ተማሪ መምህሩን አጥብቆ ሚፈልገው ለብቻው ሲሠራ ያቃተው ቦታ ላይ እንደሆነ ገባቸው። ፕሮጀክታይል ሞሽንን (የተወረወረ ነገር እንቅስቃሴን) እይው እስቲ፣ ቀመሩን ቪዲዮው ይነግረዋል፣ ልጁ አግድም ፍጥነቱ ላይ የመሬት ስበት ሲያስገባ ግን ማን ያርመዋል? አንቺ ነሽ፣ በዴስኩ መሃል እየዞርሽ ደብተሩን ስታዪ። ዳይሬክተሩን አንድ ክፍለ ጊዜ ጋብዢውና ይየው።

ባንድ ምዕራፍ ብቻ ጀምሪ። ስልክ ያላቸው ኔት ቢጠፋም በሚሞሪ ካርድ ይቀባበሉ፣ ስልክ ለሌላቸው ከክፍለ ጊዜ ውጪ ትምህርት ቤት ውስጥ ሚያዩበት መንገድ ፈልጊ። ሳያይ ለመጣ ልጅ እንደገና አታስተምሪ፣ ከኋላ ቁጭ ብሎ ይየው፣ አለበለዚያ ነገ ማንም አያይም።

አባትሽ ስለ ደሞዙ ያሉት እውነት ነው፣ ለባሕር ዳር የቤት ኪራይ እንኳን ይከብዳል። ግን ከፔዳ (ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ) በፊዚክስ ተመርቀሽ ባንክ መስኮት ላይ ብር መቁጠር የሳቸውን ሐሳብ ያሳርፍ ይሆናል እንጂ ያንቺ ሙያ አይደለም፣ በአክብሮት ግን በግልፅ ንገሪያቸው። በየወሩ ምን ያህል እንደሚጠብቁብሽም ጠይቂያቸው። የቅዳሜ ቱቶር ያዢ፣ እኔም ቤቴን ያቆምኩት መምህርነቱን ሳልለቅ እያስጠናሁ ነው (የራስሽን ክፍል ተማሪ ግን በክፍያ እንዳታስጠኚ!)።

ያሰብሽው ማስተርስ ይቆይ። ካሜራ አትግዢ፣ ስልክሽና ነጭ ወረቀት ይበቃል፣ ከባጃጅ ጫጫታ ብቻ ራቂ። ማብራሪያው በአማርኛ፣ የፊዚክስ ቃላቱ ግን በእንግሊዝኛ ይሁኑ፣ ፈተናው በሱ ነው። ምዕራፉ ሲያልቅ የልጆቹን ውጤት ካለፈው ምዕራፍ ጋር አስተያይተሽ ላኪልኝ፣ ለዳይሬክተሩ ምን እንደምትዪ አብረን እናያለን።