አይሳችሁን ሰብስቡ፣ ለትዳር ጓደኞቻችሁም አሳዩ

ይህን የምጽፈው እንግሊዝ አገር ለምትኖሩ ወገኖቼ ነው። ለንደን ከገባሁ 27 ዓመት ሆኖኛል፤ አብዛኛውን ዘመን ያሳለፍኩት የሌሊት አውቶቡስ ስነዳ ነው። የባንክ ደብዳቤ ይዞ ቤቴ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ባለፈው ወር የመጣች እህት ቦርሳዋን ስትዘረግፈው ከአራት ባንክ የመጡ የካሽ አይሳ ወረቀቶች ወጡ። አንዱ ሒሳብ በፈረንጆች 2012 የተከፈተ ነው። ሲከፈት የነበረው ወለድ ከዓመት በኋላ ወርዶ፣ ዛሬ የሚከፍላት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። «እዚያው አለ፣ የት ይሄዳል ብዬ እኮ ነው» አለችኝ። አዎ፣ ቁጥሩ እዚያው አለ። በዚያ ገንዘብ በ2012 ይገዛ የነበረው አስቤዛ ግን ዛሬ አይገዛም።

ለማያውቅ ሰው፣ አይሳ ወለዱን ታክስ የማይነካው የቁጠባ ሒሳብ ነው፤ ካሽ አይሳ የሚባለው ገንዘቡ አክሲዮን ሳይገዛበት በወለድ የሚቀመጥበት ዓይነት ነው። በአንድ የታክስ ዓመት፣ ማለትም ከኤፕሪል 6 እስከ ቀጣዩ ኤፕሪል 5፣ በጠቅላላው እስከ 20,000 ፓውንድ ማስገባት ይቻላል። ከኤፕሪል 2027 ጀምሮ ግን ዕድሜው ከ65 በታች የሆነ ሰው በካሽ አይሳ የሚያስገባው በዓመት 12,000 ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። ስለዚህ እስከ ዛሬ ያጠራቀማችሁትን በስህተት ከአይሳ ብታስወጡት፣ መልሳችሁ ለማስገባት ከበፊቱ የበለጠ ዓመት ይፈጅባችኋል።

1. ያላችሁን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡ

የየባንኩን ስም፣ የሒሳብ ቁጥሩን፣ ዛሬ የሚከፍለውን ወለድና ለተወሰነ ጊዜ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ጻፉ። ወለዱን ከድሮው ወረቀት አትገልብጡ፤ ደውላችሁ ጠይቁ። ቤት ቀይራችሁ አድራሻ ሳታስተካክሉ የቀራችሁ (አብዛኞቻችሁ ናችሁ) ማይ ሎስት አካውንት በሚባለው ነፃ አገልግሎት የጠፋ ሒሳብ ማፈላለግ ትችላላችሁ። ለ15 ዓመት ያልተነካ ሒሳብ እንኳ ባለቤቱ በመጣ ጊዜ ይከፈላል።

2. በእጃችሁ አታውጡት

ይህን ጮክ ብዬ ብናገረው ደስ ይለኛል። ከአንዱ አይሳ ወደ ሌላው የምትሄዱት ገንዘቡን አውጥታችሁ በማስገባት አይደለም። ልትገቡበት የፈለጋችሁት ባንክ የማዛወሪያ ፎርም አለው። እሱን ሙሉት፤ አዲሱ ባንክ ከአሮጌው ጋር ራሱ ይነጋገራል። በዚህ መንገድ የተዛወረ የቀደሙት ዓመታት ቁጠባ ከዘንድሮው 20,000 ላይ አይቀነስም። በገዛ እጃችሁ ካወጣችሁት ግን ተራ ገንዘብ ሆነ ማለት ነው። ያወጡትን በዚያው ዓመት መልሶ ማስገባት የሚፈቅዱ አንዳንድ ሒሳቦች አሉ፤ የእናንተ ከእነሱ መሆኑን ሳታረጋግጡ ግን አትንኩት።

እኔ በ2010 ከሦስት ቦታ 11,000 ፓውንድ አውጥቼ፣ ጥሬውን ይዤ ወደ አዲሱ ባንክ ሄድኩ። ያን ጊዜ በካሽ አይሳ የሚፈቀደው በዓመት 5,100 ነበር። ቀሪው 5,900 ተራ ሒሳብ ውስጥ ገባ፤ ባንኮችም በዚያ ዘመን ከወለድ ላይ 20 በመቶ ታክስ ከምንጩ ይቆርጡ ነበር። የስምንት ዓመት ልፋቴን በአንድ ቀን ጠዋት ገፈፍኩት። ሰው ጠይቄ ቢሆን የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። እናንተ ጠይቁ!

3. ጊዜ፣ ቅጣት፣ ጥበቃ

ከካሽ ወደ ካሽ ሲዛወር ከ15 የሥራ ቀናት በላይ መፍጀት የለበትም፤ ካለፈ ቅሬታ አቅርቡ። የተቆለፈ ሒሳብ ከጊዜው በፊት ሲነሳ ወለድ ያስቀጣል፤ ቅጣቱንና የአዲሱን ወለድ ጥቅም አወዳድሩ። የድሮ አይሳ የማይቀበሉ ባንኮች ስላሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ባንክ ቢወድቅ ለአንድ ሰው በአንድ የባንክ ፈቃድ ሥር እስከ 120,000 ፓውንድ ዋስትና አለ፤ ከዚያ የሚበልጥ ያለው አንድ ቦታ አይከምር። ዩኒቨርሳል ክሬዲት (የመንግሥት ድጎማ) የምትቀበሉ ደግሞ ስሙኝ፦ አይሳም ቁጠባ ነው። ከ6,000 ሲያልፍ ክፍያችሁን ይቀንሳል፣ ከ16,000 ሲያልፍ ያስቆመዋል። «ታክስ ስለሌለው አይታይም» የሚላችሁን አትስሙ።

4. ወደ አገር ቤት ልትመለሱ ያሰባችሁ

እዚህ እያላችሁ ሰብስቡት። የእንግሊዝ ነዋሪነታችሁ ካበቃ ሒሳቡን ማቆየት ትችላላችሁ፤ አዲስ ገንዘብ ማስገባት ግን አይፈቀድም።

5. ከማን ነው የምትደብቁት?

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። አራት ቦታ የተበተነ ቁጠባ ይዞ የሚመጣን ሰው «ባለቤትህ ታውቃለች?» ስለው ዓይኑን ይሰብራል። ሴቶቹም እንዲሁ ናቸው። አንዱ «ወንድሞቼ ከሰሙ ይጨርሱኛል» ይላል፣ ሌላዋ «ለክፉ ቀን ነው» ትላለች። በዕቁብ ለሃያ ሰው የምናምነውን ገንዘብ አብሮን ለሚተኛ ሰው እንደብቃለን። እውነት ነው፣ አይሳ በጋራ አይከፈትም፤ ለእያንዳንዱ በስሙ ነው። በስሜ ነው ማለት ግን ማንም አይወቀው ማለት አይደለም።

እኔም ደብቄአለሁ። ከሦስቱ ሌላ አራተኛ ነበረኝ፤ በ2005 ሌላ ሰፈር ስንኖር የከፈትኩት ነው። ደብዳቤው ወደ ድሮው ቤት ይሄድ ነበር፤ ከጊዜ ብዛት እኔም ረሳሁት። በ2014 እናቴ ታማ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና መጣች። ታናሽ ወንድሜ ደውሎ ለኦፕሬሽኑ የጎደለውን ነገረኝ። በዚያ ሰሞን መኪና ገዝቼ እጄ ባዶ ነበር። ተበድሬ 400 ፓውንድ ላክሁና «ያለኝ ይኸው ነው» አልኩት። የዋሸሁ አልመሰለኝም፤ ያለኝ እሱ ብቻ መስሎኝ ነበር። ኦፕሬሽኑ ተራዘመ። እናቴ በሦስተኛው ወር አረፈች። ገንዘቡ ቢደርስ ትድን ነበር ብሎ የነገረኝ ሐኪም የለም፤ እኔም እንዲህ ብዬ አልምልም። ነገር ግን በ2016 የድሮ ጎረቤታችን ያጠራቀመልኝን ደብዳቤዎች ሲሰጠኝ፣ ከመካከላቸው አንዱ 2,760 ፓውንድ እንዳለኝ ይነግረኝ ነበር።

ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። አልጮኸችም። «እኔ ባውቀው እኮ አልረሳውም ነበር» አለች። እውነቷን ነው። የልጆቹን የክትባት ቀን፣ የእድሩን መዋጮ፣ የማንን ልጅ ክርስትና፣ ሁሉን የምታስታውሰው እሷ ናት። ወንድሜ በደወለ ጊዜ ሒሳቡን ብታውቅ ኖሮ፣ በማግስቱ ጠዋት ባንኩ ሳይከፈት በሩ ላይ ትቆም ነበር።

ያን ሳምንት እሷም የራሷን ሁለት ሒሳብ አወጣች፤ እኔ የማላውቃቸው። እኩለ ሌሊት ድረስ ወጥ ቤት ተቀምጠን ፎርም ሞላን። አሁን እኔ አንድ አይሳ አለኝ፣ እሷም አንድ አላት። ቁጥሮቹን በአማርኛ የጻፈችበት ደብተር ከማንኪያው መሳቢያ ሥር ነው፤ ትልቋ ልጃችንም ቦታውን ታውቃለች። በየኤፕሪሉ መጀመሪያ ቡና ይፈላል፣ ደብተሩ ይወጣል፣ ወለዱን እየደወልን እንጠይቃለን።