መልስ፦ ቱሉ ዲምቱ ያለው ቤቲንግ ቤት ያዋጣል ወይ?

«ኮንዶሚኒየሙ ስር የተከፈተው ቤቲንግ ቤት በቨርቹዋል ጨዋታ የወር አስቤዛዬን ይሸፍንልኛል?» ላልከው፦ አይሸፍንም ወንድሜ። ቨርቹዋሉ የእውነት ኳስ አይደለም። ውጤቱን የሚያወጣው ኮምፒውተር ስለሆነ የኳስ ዕውቀትህ እዚያ አይሠራም። ካሸሩ የሰፈር ልጅ መሆኑም ኦዱን (ብታሸንፍ ብርህ በስንት ተባዝቶ እንደሚመለስልህ የሚያሳየውን ቁጥር) አይቀይረውም።

ሒሳቡን እየው። እኩል ዕድል ላላቸው ሁለት ውጤቶች 1.85 ኦድ ከሰጡህ፣ ከ100 ብር በአማካይ የሚመለስልህ 92.50 ነው። ትንሽ ልዩነት ትመስላለች። ግን ሁሉም እንደሚያደርገው አምስት ጨዋታ ደርድረህ በአንድ ትኬት ስትቆርጥ ቤቲንግ ቤቱ የሚያስቀረው ድርሻ እየተደራረበ ይሄድና ከ100 ብር የሚመለስልህ ወደ 68 ብር ይወርድልሃል። አንድ ዜሮ ያለው ሩሌት (የካዚኖው የሚሽከረከር የቁጥር ጎማ) እንኳ 97 ገደማ ይመልሳል! ከጓደኛ ጋር ለመጫወት ከሆነ ግባ፣ የቤት ኪራዩን ብር ግን ቤት አስቀምጠህ።