ጋራዥ ያለኝን ልመን? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። መኪናው ጋራዥ ገባ፣ መካኒኩ አንድ ነገር ተናገረ፣ ሒሳቡ ሲጠራ ልብ ደነገጠ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚባል የጠፋው ሰው ብዙ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም እጃቸው የተባረከ መካኒኮች አሉን፣ እግዜር ይስጣቸው። ጥሩ መካኒክም ግን ይሳሳታል። ስለዚህ መልሶቼ ውስጥ አንዲት ቃል ትደጋገማለች፦ «አሳየኝ»።

«ሐይቅ የማስተምር መምህር ነኝ። ከኮምቦልቻ ስመለስ ሐረጎን እየወጣሁ የኮሮላዬ ሙቀት ቀዩ ውስጥ ገባ፤ ውሃው ፈላ። ደሴ ጋራዥ አስገባኋት። ኮፈኑን ከፍተው አዩና ‹ጋርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይወርዳል› አሉኝ። 52 ሺህ ብር፣ ግማሹ ቀብድ። ሳይፈቱ እንዴት አወቁ?»

አብሽር መምህር፣ ቀብዱን ገና አይክፈሉ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ጋርኒሲዮን ደግሞ በእሱና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ። መቃጠሉን ሳይፈቱ ማወቅ ይቻላል፤ ግን ዓይቶ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ የአገራችንን ከፍታ እናስታውስ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ 100 አይጠብቅም። የሞተር ደህና ሙቀት ደግሞ 90 አካባቢ ነው። መኪናው ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። አምቆ ይይዘዋል፣ ሲታመቅ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ ያ ሁሉ መከላከያ ይጠፋል። ሜዳ ላይ ምንም ያልተሰማው መኪና ሐረጎ ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት፣ ይፈላል። ክዳኑ የሚሸጠው ደግሞ ከጠሩልዎ ሒሳብ ጋር በማይወዳደር ዋጋ ነው።

ስለዚህ ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ (ትኩስ ራዲያተር ከፍቶ ፊቱን የተቃጠለ ሰው አውቃለሁ፣ እባክዎን) ክዳኑን ያውጡና ጎማውን ይዩት። ተሰንጥቋል? ደርቋል? ቀጥሎ ፋኑ መሥራቱን፣ ቴርሞስታቱን፣ የሚያንጠባጥብ ጎማ ቱቦ መኖሩን ያስፈትሹ።

ጋርኒሲዮኑ በእርግጥ ከሄደ ምልክት አለው። ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል። ውሃው የሚፈስበት ሳይታይ ይጎድላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከማርሚታው ነጭ ጭስ አይጠፋም። የዘይት መለኪያ ዘንጉን ሲመዙት ዘይቱ ወተት እንደገባበት ቡና ነጣ ብሎ ይታያል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በደሴ ብርድ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ትንሽ ነጭ ነገር ይይዛል። እሱ እርጥበት ነው። ያንን ብቻ አሳይቶ ቴስታታ ይውረድ የሚል ካለ ዘንጉ ይመዘዝ በሉት።

«ከእነዚህ የትኛውን አየህ? አሳየኝ» ይበሉት። ካሳየዎ እሺ ይበሉ፣ ሥራው እውነተኛና ከባድ ሥራ ነው። ካላሳየዎ መኪናዎን ይዘው ይውጡ፤ ግን እየነዱ ሳይሆን አስጎትተው። ሙቀት የያዘውን ሞተር መንዳት ያልተበላሸውን ቴስታታ ያጣምማል።

«ከሚሌ ወደ ደሴ የምመላለስ ነጋዴ ነኝ። ቤንዚን ፒካፔ ደሴ ስትደርስ ጉልበት ታጣለች። መካኒኩ ኮምፕሬሽን ለክቶ ‹መጽሐፉ 12 ይላል፣ ያንተ 9 ነው፣ ፋሻው አልቋል፣ ሞተር ይውረድ› አለኝ።»

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በማግኘቴ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው በዚህ ሞተር አስወርዷል።

ኮምፕሬሽን ማለት ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት ነው፤ ፋሻ ደግሞ አየሩ እንዳያመልጥ የሚይዘው የፒስተን ቀለበት። መጽሐፉ ላይ ያለው 12 ባር በባሕር ወለል ከፍታ የተለካ ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከዚያ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር ራሱ ስስ ነው። ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሞተር እዚህ ሲለካ 9 አካባቢ ያሳያል። የአንተ ሞተር የሰጠው ቁጥር የደሴ ጤነኛ ቁጥር ነው ማለት ይቻላል።

መታየት ያለበት በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። 9፣ 9፣ 8.8፣ 9 ከሆነ ተወው። ሦስቱ 9 ሆነው አንዱ 5 ከሆነ ችግር አለ። ያኔም ፋሻ ይሁን ቫልቭ መለየት ይቻላል። ደካማው ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገው ደግመው ይለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቩን ይጠርጥሩ። ሲለካ ሞተሩ የሞቀ፣ ባትሪው የሞላ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ የተረገጠ መሆኑን አንተው ቁመህ እይ።

ጉልበቱስ? ሚሌ 500 ሜትር አካባቢ ናት። ባቲን አልፈህ ደሴ እስክትወጣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ሚሌ ስትመለስ ጉልበቷ ከተመለሰ መኪናህ አልታመመችም። የአየር ማጣሪያዋን ግን ቀይርላት፣ የአፋር አቧራ ቀልድ አያውቅም።

«‹ቼክ ኢንጂን› በራብኝ። በኮምፒውተር ዓይተው ‹ካታሊስቱን ይላል፣ ቀይር› አሉኝ።»

ኮምፒውተሩ ዕቃ ቀይር ብሎ አያውቅም። የሚሰጠው ኮድ ነው፤ ኮዱ ደግሞ ችግሩ የታየበትን አካባቢ ብቻ ይጠቁማል። ኮዱን በወረቀት ጻፉልኝ በል። ፒ 0420 ከሆነ ካታሊስቱ፣ ማለትም የጭስ ማጣሪያው፣ በሚገባ እያጣራ አይመስልም ማለት ነው። ይህንኑ ኮድ የተበሳ የጭስ ማውጫ ወይም የደከመ የኦክስጅን ሴንሰርም ሊያመጣው ይችላል። እነሱ ይፈተሹ፣ ካታሊስቱ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

«ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ከደሴ ስወርድ ፍሬኔ ሸተተኝ፣ ፔዳሉም ለሰለሰብኝ። ጋራዡ ዲስክ፣ ሸራና ማስተር ሁሉ ይቀየር አለኝ። ሴት ስለሆንኩ ይሆን?»

እህቴ፣ የሚያዩሽ እንደዚያ ከሆነ ያሳዝናል። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፦ ፍሬኑ ከቀዘቀዘ በኋላ ፔዳሉ ወደ ጥንቱ ተመለሰ? ከተመለሰ ማስተሩን (ፔዳሉ የሚገፋውን የፍሬን ፓምፕ) ለመቀየር ምክንያት የለም። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ስለወረድሽ ሸራውና የፍሬን ዘይቱ ከልክ በላይ ሞቀዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ይቀየር።

ቀዝቅዞም ፔዳሉ ከለሰለሰ፣ ወይም ረግጠሽ ስትይዥው ቀስ እያለ ከወረደ፣ ያኔ መካኒኩ እውነቱን ሊሆን ይችላል። መኪናውን አትንጂው። ሸራውን በተመለከተ ጎማው ይፈታና ውፍረቱን በዓይንሽ እዪ፤ 3 ሚሊሜትር ገደማ ከቀረው ይቀየር። ለቀጣዩ ጊዜ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ (እንደ ሁለተኛ ባለ ዝቅተኛ ማርሽ) ውረጂ።

«በ18 ሺህ ተስማምተን ጀመሩ። ልወስድ ስሄድ 31 ሺህ አሉኝ። ካልከፈልክ መኪናው አይወጣም ተባልኩ። ከወልድያ።»

ይህ ጉዳይ ያናድደኛል፤ አንተ ግን አትቆጣ። ሒሳቡን በሦስት ከፍለው እንዲጽፉልህ ጠይቅ፦ መለዋወጫ፣ የእጅ ዋጋ፣ በኋላ የተጨመረ ሥራ። በጥቅሉ «31 ሺህ» ሲባል መከራከሪያ የለህም። ተከፋፍሎ ሲጻፍ ግን ነገሩ ይገለጣል። የመለዋወጫ ደረሰኝ ጠይቅ። የወጣውን አሮጌ ዕቃም ይስጡህ። ከዚያ ሁለት መለዋወጫ ሱቅ ሂድና የዚያኑ ዓይነት ዕቃ ዋጋ ጠይቅ፤ ኦሪጅናልን ከኦሪጅናል ጋር አወዳድር።

የተጨመረው ሥራ በእርግጥ ያስፈልግ ከነበረና በደንብ ከሠሩት፣ ሳይነግሩህ ማድረጋቸው ጥፋት ቢሆንም፣ የዕቃውን ዋጋ መክፈል ተገቢ ይመስለኛል። ያላዘዝከውን የእጅ ዋጋ ግን ተከራከር። ለዚህ አበጋር (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) መጥራት አያስፈልግም። እዚያው ሰፈር ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ሽማግሌ ወይም አንጋፋ ሾፌር ይበቃል። እምቢ ካሉ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የተስማማችሁበትን የሚያሳይ መልእክት ስልክህ ላይ ካለ ይዘህ ሂድ።

ለወደፊቱ መኪናውን ስታስረክብ «ሌላ ነገር ካገኘህ ሳትነካው ደውልልኝ» የሚል አጭር መልእክት ላክ። ብዙ ጠብ ያስቀራል።

«15 በመቶ ቫት ጨመሩብኝ፤ ደረሰኝ ግን የለም።»

ቫት ያለ ደረሰኝ አይከፈልም። ለቫት የተመዘገበ ድርጅት ደረሰኝ ይቆርጣል። ያልተመዘገበ ደግሞ ቫት ሊቀበልህ አይችልም።

«መካኒኬ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ሌላ ጋ ባሳይ ይቀየመኛል ብዬ ይሉኝታ ያዘኝ።»

እማማ፣ እኔም ይሄ ይሉኝታ ብዙ ብር ሊያስወጣኝ ነበር። ከዓመታት በፊት መኪናዬ ስትሄድ ታጉረመርም ጀመር። አንድ ጋራዥ «ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ነው» አለኝ። ለማውረድ ቀን ቆረጥን። ለጥንቃቄ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ምንም አልተናገሩም። የፊቱን ጎማ በክሪክ አነሱና እጄን ይዘው ጎማው አጠገብ ያለው ስፕሪንግ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ጎማውን በእጃቸው አሽከረከሩት። መዳፌ ላይ አሸዋ የሚፈጭ ያህል ነዘረኝ። በሌላኛው ጎማ ደገሙት፤ እሱ ጸጥ አለ። «ኩሽኔታ ነው ልጄ» አሉኝ፤ ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ ማለታቸው ነው።

ለጎረቤትዎ ልጅ በግልጽ ይንገሩት፦ «ገንዘቡ ብዙ ስለሆነብኝ አንድ ሰው ላሳይ ነው፤ ሥራው ያንተው ነው።» መኪናዋ ስትታይ እሱም አብሮ እንዲቆም ይጋብዙት።