ስለ ፒኤችዲና ስለ ፋብሪካ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ «ዩኒቨርሲቲያችን ከፋብሪካ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሟል፤ የፒኤችዲ ተማሪ ግን እዚህ መሃል ምን ሥራ አለው? ዳታ ለቃቅሞ መሄድ ነው ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው የራሴን ልንገርሽ። እኔ ሞጆ ካለ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ጋር አራት ዓመት ሠርቻለሁ።

ሰነዱን የሚፈርሙት ኃላፊዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ውስጥ የሚከርም ሰው ከሌለ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። አማካሪሽ በሴሚስተር አንዴ ቢመጣ ነው። የማስተርስ ተማሪ ገና ቦታውን ሲለምድ ጊዜው ያልቅበታል። ሦስት አራት ዓመት የምትመላለሽው አንቺ ነሽ።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት የራሴን ጥያቄ ይዤ ነበር። ከፍሳሽ ውስጥ ክሮም፣ ማለትም ቆዳ የሚለፋበትን ኬሚካል፣ የማስወገድ ሥራ ስለጀመርኩ ናሙና ስጡኝ አልኩ። ከበር መለሱኝ። እነሱን ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነበር፤ አንዳንድ ቀን ከድራም፣ ቆዳው በክሮም ከሚለፋበት ትልቅ ተሽከርካሪ በርሜል፣ የሚወጣው ቆዳ ክሮሙ የሚሰጠው ሰማያዊ ቀለም ዥንጉርጉር ይሆንባቸዋል። እሱን ላጥናላችሁ ስላቸው አስገቡኝ።

አንድ ወር ሙሉ ቀን ቀን ድራሙ አጠገብ ቆሜ ምንም አላገኘሁም። የፈረቃው ኃላፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው፣ «እስቲ ሌሊት ና» አሉኝ። ሄድኩ። ክሮሙ ቆዳው ውስጥ ከገባ በኋላ ፒኤቹን (የአሲድነቱን መለኪያ) ቀስ እያሉ ከፍ ለማድረግ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይጨመራል፤ ሦስት አራት ጊዜ ተከፋፍሎ። ንጋት ላይ ግን ሠራተኞቹ ሰርቪሱ እንዳያመልጣቸው ባንዴ ሲደፉት አየሁ። ፒኤቹ በአንድ ጊዜ ይዘላል፣ ክሮሙ ላይ ላዩን ይቀራል፣ ቆዳው ይዥጎረጎራል። መዝገቡ ላይ የተጻፈው ግን በሦስት ጊዜ እንደገባ ነው! መዝገቡን ኮፒ አድርጌ ብመለስ ኖሮ ቴሲሴ በሙሉ በተሳሳተ ዳታ ላይ ይቆም ነበር። ለነገሩ በሠራተኞቹ አልፈርድም፤ ሰርቪሱ ካመለጣቸው በእግር ነው የሚሄዱት። የሰርቪሱ ሰዓት ትንሽ ሲገፋ ችግሩ በጣም ቀነሰ።

ከዚያ በኋላ ናሙና የከለከለኝ የለም። ደግሞም ጉዳዩ ከእኔ ጥናት ጋር ተገናኘ። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚወስደው ከሚጨመርለት ክሮም ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው፤ የቀረው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ድራሙ ላይ የሚስተካከል ነገር ሁሉ የፍሳሹን ሸክም ያቀላል።

አሁን የተጎዳሁበትን ልንገርሽ። ጽሑፌን ለጆርናል ልልክ ስል ሥራ አስኪያጁ «የፋብሪካችን ገመና አይወጣም» አሉ። በእጄ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሰባት ወር ተጉላላሁ፤ ያ ጊዜ ዛሬም ይቆጨኛል። ስለዚህ ሥራ ሳትጀምሪ አንድ ገጽ ስምምነት አስፈርሚ። የትኛው ዳታ ይታተማል? የፋብሪካው ስም ይጠራል ወይስ አይጠራም? ረቂቁን አንብበው በስንት ቀን ይመልሳሉ? አዲስ ነገር ከተገኘ የማን ነው? ዩኒቨርሲቲው የፈረመው ሰነድ አጠቃላይ ስለሆነ እዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ፈረንሳዮች ይህን በሥርዓት አስይዘውታል። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ሲፍር የሚባል ፕሮግራም አላቸው። ድርጅቱ የፒኤችዲ ተማሪውን ለሦስት ዓመት በደመወዝ ይቀጥረዋል፣ መንግሥት ለድርጅቱ ድጎማ ይሰጣል፣ የድርጅቱ፣ የተማሪውና የዩኒቨርሲቲው ግዴታ በውል ይሰፍራል። እኛ ጋ ተማሪው ትራንስፖርቱን ከኪሱ እየከፈለ ነው የሚመላለሰው። ይህ መስተካከል አለበት፤ ዲፓርትመንትሽ ውስጥ ሳታፍሪ አንሺው።

አንድ ነገር ልጨምር። በየወሩ ለፋብሪካው አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፊላቸው፦ ምን አየሽ፣ ነገ ምን ቢቀየር ይሻላል። የአንቺ ቴሲስ ዓመታት ይፈጃል፤ እነሱ መልሱን የሚፈልጉት በዚህ ሳምንት ነው። የእኔን ወረቀት ጋሼ አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞሩ ነበር።

የስምምነቱ ናሙና እጄ ላይ አለ። ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።